ለብየዳ ቤትና ለብረታ ብረት ወርክሾፕ የሚሆን መድን፦ ጥያቄዎቻችሁና መልሶቻችን

ከብየዳ ቤትና ከብረታ ብረት ወርክሾፕ ባለቤቶች ስለ መድን ከደረሱን ጥያቄዎች ውስጥ ብዙዎችን ይጠቅማሉ ያልናቸውን መርጠናል። አብዛኞቹ ጠያቂዎች «የትኛው ኩባንያ ይሻላል?» ብለው ይጀምራሉ። አገር ውስጥ ያሉት መድን ሰጪዎች የሚሸጡት የእሳት፣ የስርቆትና የሠራተኛ ጉዳት ፖሊሲ (የመድን ውል) በቃላቱ በጣም ተቀራራቢ ነው። ካሳ የሚቀነሰው ወይም የሚከለከለው አብዛኛውን ጊዜ ባለቤቱ ራሱ በሞላው ፎርም ላይ ባሰፈረው ቁጥርና በገለጸው የሥራ ዓይነት ምክንያት ስለሆነ፣ እኛም በዚያ ላይ ሰፋ አድርገን ጽፈናል።

ጥያቄ፦ ቱቦላሬና ላሜራ እየበየድን በር፣ መስኮትና የውኃ ታንከር መቆሚያ እንሠራለን። ሰባት ሠራተኞች አሉን። ከባንክ ስንበደር ለማሽኖቹ የእሳት መድን ገብተናል። ከዚህ ሌላ የሚያስፈልገን አለ? (ከአዳማ)

መልስ፦ አለ። ባንኩ ያስገባችሁ መድን የተጻፈው ብድሩን ለመጠበቅ ነው። ፖሊሲውን ግለጡና የካሳው ተቀባይ ማን እንደሆነ ተመልከቱ፤ የባንኩ ስም ከእናንተ ቀድሞ ታገኙታላችሁ። ማሽኑ ቢቃጠል ካሳው መጀመሪያ ቀሪውን ዕዳ ይዘጋል፤ ለእናንተ የሚደርሰው ከዚያ የተረፈው ነው። ባንኩ በመያዣ ያልያዘው ንብረት፣ ማለትም ጥሬ ብረቱ፣ አልቆ ደንበኛ የሚጠብቀው በርና መስኮት፣ የእጅ መሣሪያው፣ ብዙ ጊዜ ጭራሽ አልተመዘገበም።

የእሳት ፖሊሲ በመሠረቱ የሚሸፍነው እሳትንና መብረቅን ነው። ፍንዳታ፣ ጎርፍ፣ የመሬት መንቀጥቀጥ፣ የተሽከርካሪ ግጭት፣ ሁከትና አድማ ተጨማሪ አረቦን (ለመድኑ የሚከፈለው ዋጋ) ተከፍሎባቸው የሚገቡ ናቸው። የጋዝ ሲሊንደር ያለበት ቤት ፍንዳታን መተው የለበትም። አሴቲሊን ፈንድቶ ግድግዳ ቢያፈርስና እሳት ባይነሣ፣ ፍንዳታ ያልተጻፈበት ፖሊሲ አይከፍልም። እናንተ አዳማ ስለሆናችሁ የመሬት መንቀጥቀጡንም አስገቡት፤ በ2017 በፈንታሌና በአዋሽ አካባቢ የተደጋገመው መንቀጥቀጥ እስከ አዲስ አበባ ተሰምቷል። ፖለቲካዊ ሁከትና ሽብርን የሚሸፍነው መድን ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ ለብቻው የሚሸጥ ነው። «ሁከትና አድማ» የሚለውን ስለገዛችሁ እሱም አብሮ አለ ብላችሁ አትቁጠሩ፤ ጠይቃችሁ አረጋግጡ።

ገንዘቡ ለሁሉም ካልበቃ ቅደም ተከተሉ በእኛ አስተያየት እንዲህ ነው፦ መጀመሪያ የሠራተኛ ጉዳት መድን፣ ቀጥሎ በትክክለኛ ዋጋ የተጻፈ የእሳት መድን፣ ከዚያ ለሦስተኛ ወገን (ለሌላ ሰው ንብረትና አካል) የሚከፈል የኃላፊነት መድን፣ ከዚያ ሰብሮ ስርቆት። የማሽን ብልሽት መድን ውድ ቶርኖ ወይም በኮምፒውተር የሚሠራ መቁረጫ ላላቸው ነው። የብየዳ ማሽንና ግራይንደር ብቻ ላለው ወርክሾፕ አረቦኑ የሚያዋጣ አይመስለንም። የሠራተኛውን ያስቀደምነው ማሽን ቢቃጠል የምታጡት ያላችሁን ያህል ስለሆነ ነው፤ ሰው ሲጎዳ ግን ዕዳው ወርክሾፑ ካለው ንብረት ሊበልጥ ይችላል።

ጥያቄ፦ ማሽኖቼን በ2014 ስገዛ በከፈልኩት ዋጋ አስመዝግቤ በየዓመቱ እያደስኩ ነው። አንድ ወዳጄ «ከተቃጠለ ግማሹን እንኳ አያገኙም» አለኝ። እውነት ነው? (ከአዲስ አበባ፣ አቃቂ ቃሊቲ)

መልስ፦ ወዳጅዎ ልክ ናቸው፤ ምክንያቱን በቁጥር እናሳይዎ።

በሁሉም የእሳት ፖሊሲ ውስጥ «አቨሬጅ» የሚባል አንቀጽ አለ። ንብረትዎ በአደጋው ቀን ከሚያወጣው ዋጋ አሳንሰው ካስመዘገቡ፣ ላሳነሱት ድርሻ መድን ሰጪ ራስዎ እንደሆኑ ይቆጠራል። ማሽኖችዎን በ1,500,000 ብር አስመዝግበዋል እንበል። ዛሬ በዚያው ዕድሜና ይዞታ ላይ ያሉ ማሽኖችን ለመግዛት 3,750,000 ብር ቢጠይቅ፣ ያስመዘገቡት 40 በመቶ ብቻ ነው። እሳቱ በ900,000 ብር ጉዳት ቢቆም «እኔ እስከ 1,500,000 ብር ሽፋን አለኝ» ብለው ሙሉውን ይጠብቃሉ። ኩባንያው ግን የ900,000ውን 40 በመቶ፣ 360,000 ብር ያሰላል። ኤክሰስ የሚባለው የእርስዎ ድርሻ 10 በመቶ ከሆነ ሌላ 36,000 ይቀነሳል፤ በእጅዎ የሚገባው 324,000 ብር ነው። አረቦኑን በየዓመቱ በጊዜው ቢከፍሉም ስሌቱ አይለወጥም።

ይህ ችግር ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ እጅግ ሰፍቷል። ከ57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር ተሻገረ። ማሽኑም፣ ላሜራውም፣ ኤሌክትሮዱም፣ የመቁረጫ ዲስኩም ከውጭ የሚገባ ስለሆነ ዋጋው አብሮ ተጓዘ። ከዚያ በፊት የተጻፈና ሳይነካ የሚታደስ ፖሊሲ ሁሉ ዛሬ ጎዶሎ ነው ማለት ይቻላል።

ማስተካከያው እንዲህ ይሠራል። የማሽኖችዎን ዝርዝር በአንድ ወረቀት ላይ ያውጡ፤ ስም፣ ሞዴል፣ ተከታታይ ቁጥር፣ የተሠራበት ዓመት፣ የሞተር ጉልበት። ለእያንዳንዱ ከሁለት ወይም ከሦስት አስመጪ ፕሮፎርማ ይሰብስቡ። ዋጋው ላይ ማጓጓዣው፣ ቀረጡና የተከላው ወጪ መግባት አለበት፤ ሦስት ቶን የሚመዝን ላሜራ ማጠፊያ በክሬን ወርዶ መሠረት ተሠርቶለት እስኪቆም የሚወጣው ቀላል አይደለም። ከዚያ ለኩባንያው በደብዳቤ «የመድን መጠኑ ከፍ ይደረግልኝ» ብለው ያመልክቱ። የፖሊሲው ዓመት እስኪያልቅ መጠበቅ አያስፈልግም። ጭማሪው በኢንዶርስመንት፣ ማለትም ከፖሊሲው ጋር በሚያያዝ የማሻሻያ ጽሑፍ፣ ይጻፋል፤ አረቦኑም ለቀሩት ወራት ብቻ ተሰልቶ ይከፈላል።

ሁሉንም ማሽን «ልዩ ልዩ ማሽኖች» በሚል አንድ መስመር አያስመዝግቡ። በዝርዝር ሲጻፍ ገማቹ (ኩባንያው ጉዳቱን እንዲገምት የሚልከው ባለሙያ) ከእርስዎ ጋር የሚከራከርበት ነገር ያንሳል። ነገር ግን በዝርዝር ሲጻፍ አቨሬጁም በየማሽኑ እንደሚሰላ ይወቁ፤ ቶርኖውን ከዋጋው በላይ ማስመዝገብ ኮምፕረሰሩን ባሳነሱት ልክ አያካክስም። ከዋጋ በላይ ማስመዝገብ በራሱም ጥቅም የለውም። የንግድ ሕጉ የንብረት መድንን የሚያየው እንደ ካሳ ውል ነው፤ ካሳው ንብረቱ በአደጋው ቀን ከነበረው ዋጋ አይበልጥም።

አንድ ምርጫ ይቀርዎታል። ተራው ፖሊሲ የሚከፍለው የእርጅና ተቀናሽ ከተነሣለት በኋላ ያለውን ዋጋ ነው፤ በዚያ ካሳ አዲስ ማሽን አይገዛም። «በአዲስ መተኪያ ዋጋ» የሚል ማሻሻያ ካስገቡ ኩባንያው በምትኩ አዲስ ለመግዛት የሚያስፈልገውን ይከፍላል። ነገር ግን ያን ጊዜ የመድን መጠኑም በአዲስ ዋጋ መጻፍ አለበት። በአሮጌ ዋጋ አስመዝግቦ በአዲስ ዋጋ ካሳ መጠየቅ አቨሬጁን የባሰ ያከብደዋል።

ለጥሬ ዕቃው ደግሞ የዓመቱን አማካይ አይጻፉ። ትልቅ ትእዛዝ ይዘው መጋዘኑ ሲሞላ ያለውን ከፍተኛ መጠን ይጻፉ፤ ወይም ያለዎትን ክምችት በየወሩ እያሳወቁ የሚከፍሉበት ፖሊሲ እንዳላቸው ይጠይቁ።

ጥያቄ፦ አምስት ሆነን በማኅበር ተደራጅተን ከመንግሥት በተሰጠን ሼድ እንሠራለን። ሥራ ሲበዛ የቀን ሠራተኛም እንቀጥራለን። የሠራተኛ መድን ስንገባ ስንት ሰው ብለን እናስመዝግብ? (ከባሕር ዳር)

መልስ፦ ይህ ጥያቄ ብዙ ማኅበራት ሳያስቡበት የሚያልፉት ነው። የማኅበሩ አባላት ባለቤቶች እንጂ ተቀጣሪዎች አይደላችሁም። የሠራተኛ ጉዳት መድን የሚከፍለው በአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሠረት አሠሪ ለሠራተኛው ያለበትን ግዴታ ነው። የቅጥር ግንኙነት ከሌለ ያ ፖሊሲ ለአባሉ ዐይን ወይም ጣት አይከፍልም። ስለዚህ ለአምስታችሁ የቡድን የግል አደጋ መድን፣ ለተቀጠሩት ደግሞ የሠራተኛ ጉዳት መድን፤ ሁለት ፖሊሲ ያስፈልጋችኋል። የግል አደጋ መድን ለሞት፣ ለዘላቂ ጉዳት፣ ሥራ ላልሠራችሁበት ሳምንትና ለሕክምና የሚከፍለውን መጠን አስቀድማችሁ እናንተው የምትወስኑበት ነው።

የቀን ሠራተኛ፣ በቁራጭ የሚሠራ፣ የሙከራ ጊዜ ላይ ያለ፣ ሁሉም ይቆጠራሉ። ከቴክኒክና ሙያ ኮሌጅ ለተግባር ልምምድ የሚመጡ ሠልጣኞች ካሏችሁ ለኩባንያው በጽሑፍ አሳውቁና እንዴት እንደሚሸፈኑ በጽሑፍ መልስ ተቀበሉ።

አረቦኑ የሚሰላው በዓመታዊ የደመወዝ ድምር ላይ ስለሆነ ደመወዝ አሳንሶ ማስመዝገብ የተለመደ ነው። ውጤቱን እዩት። አዋጁ ለዘላቂ ሙሉ የአካል ጉዳት የሠራተኛውን የአምስት ዓመት ደመወዝ ያህል ካሳ ይደነግጋል። በወር 8,000 ብር ለሚያገኝ በያጅ ይህ 480,000 ብር ይሆናል። በ4,000 ብር ካስመዘገባችሁት ኩባንያው የሚያሰላው 240,000 ብር ነው፤ ሌላውን 240,000 ማኅበሩ ከኪሱ ያወጣል። ሕክምና ላይ እያለም ክፍያ አለ፦ ለመጀመሪያዎቹ ሦስት ወራት ሙሉ ደመወዝ፣ ለቀጣዮቹ ሦስት ወራት ከ75 በመቶ ያላነሰ፣ ከዚያ በኋላ ላሉት ስድስት ወራት ከ50 በመቶ ያላነሰ። ሠራተኛው በግል ድርጅት ሠራተኞች ጡረታ የታቀፈ ከሆነ የዘላቂ ጉዳት ክፍያው ከጡረታ ሕጉ ጋር ይያያዛል፤ የሕክምናውና ሥራ ያልሠራበት ጊዜ ክፍያ ግን ከአሠሪው ትከሻ አይወርድም።

ፖሊሲውን ስትቀበሉ የሕክምና ወጪ ጣሪያውን ፈልጋችሁ አንብቡ። ብዙ ጊዜ ለአንድ ሰው የተቀመጠው ጣሪያ ዝቅተኛ ነው፤ የዐይን ቀዶ ሕክምና በግል ሆስፒታል ምን ያህል እንደሚያስወጣ አስባችሁ ጭማሪ አረቦን ከፍላችሁ አስነሡት።

አሠሪው ጥፋት ባይኖርበትም በሥራ ላይ ለደረሰ ጉዳት ኃላፊ ነው። ከኃላፊነት የሚወጣው በጠባብ ምክንያቶች ነው፤ ሠራተኛው ሆን ብሎ ራሱን ከጎዳ፣ በግልጽ የተሰጠውን የደኅንነት መመሪያ ከጣሰ፣ ወይም ሰክሮ ሥራ ላይ ከተገኘ። መመሪያው በግልጽ ተሰጥቷል የሚባለው ተጽፎ ሠራተኛው ሲፈርምበት ነው። የብየዳ መነጽርና ጭንብል፣ የቆዳ ጓንት፣ ሽርጥ፣ የጆሮ መከላከያ የተረከበበትን ቀን የሚያሳይ መዝገብ ይኑራችሁ። መመሪያው ውስጥ ግራይንደሩ ላይ የሚደረገውን በስሙ ጻፉት። የ115 ሚሊ ሜትር ግራይንደር መከላከያ ሽፋኑ ወልቆ የ180 ሚሊ ሜትር ዲስክ ሲገጠምበት በየወርክሾፑ ይታያል። ትንሹ ግራይንደር በደቂቃ እስከ 11,000 ጊዜ ይዞራል፤ ትልቁ ዲስክ ግን የተሠራው ለ8,500 ነው፤ ዲስኩ ላይ ተጽፎበታል። ሲሰነጠቅ ስባሪው የሚሄደው ሽፋኑ ይቆምበት በነበረው በኩል፣ ወደ ፊትና ወደ አንገት ነው።

ሼዱን በተመለከተ፦ ሕንፃው የእናንተ ስላልሆነ እንደ ባለቤት ልታስመዘግቡት አትችሉም። የውስጡን ንብረት አስመዝግቡ፤ በእናንተ እሳት ሼዱ ቢቃጠል ለአከራዩ የምትከፍሉትን የሚሸፍን «የተከራይ ኃላፊነት» ጨምሩ።

ጥያቄ፦ ደንበኛ ቤት ሄደን የደረጃ መደገፊያና የበረንዳ ብረት እንበይዳለን። በብየዳው ፍንጣሪ የደንበኛው ቤት ቢቃጠል የወርክሾፑ የእሳት መድን ይከፍላል? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ አይከፍልም። የእሳት መድንዎ የሚሸፍነው በፖሊሲው ላይ በተጻፈው አድራሻ ያለውን የራስዎን ንብረት ነው። ለሌላ ሰው ንብረትና አካል የሚከፍለው የሕዝብ ኃላፊነት መድን ነው፤ እሱም ቢሆን «ከግቢ ውጭ የሚሠራ ሥራ» እና «ብየዳና ቆረጣ» በስማቸው ካልተጻፉበት ክርክር ያመጣል። በያጁ ተቀጣሪ ቢሆንም በሥራው ላይ ሳለ ላደረሰው ጉዳት አሠሪው እንደሚጠየቅ የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2130 ደንግጓል።

የሽፋኑን ጣሪያ ሲመርጡ የሚሠሩበትን በጣም ውድ ቤት፣ ከሱ ጋር ግድግዳ የሚጋራውን ጎረቤት ጨምረው ያስቡ። ጣሪያው «በአንድ አደጋ» እና «በዓመት ድምር» ተብሎ በሁለት ይጻፋል፤ ሁለቱንም ያንብቡ። ከፖሊሲው ውጭ የሚደረገውም ይታወቅ፦ የሚበይዱት ዕቃ ራሱ ቢበላሽ፣ ሥራው ጎድሎ ዳግም ቢሠራ፣ ደንበኛው በአደራ የሰጠዎት ብረት ቢጠፋ አይከፈልም። የደንበኛ ንብረት ወርክሾፕዎ ውስጥ የሚያድር ከሆነ በእሳት መድኑ ላይ «በአደራ የተያዘ» በሚል ያስገቡት።

ብየዳ የሚሸፍን ፖሊሲ ሁልጊዜ ቅድመ ሁኔታዎች ይዞ ይመጣል፤ ሳይፈጸሙ ቢቀሩ ካሳውን ያስከለክላሉ። በዓለም ላይ በሰፊው የሚሠራበት የአሜሪካው የእሳት መከላከያ ማኅበር ደረጃ ከብየዳው ቦታ ዙሪያ በ11 ሜትር ውስጥ የሚቀጣጠል ነገር እንዲነሣ ወይም በማይቃጠል መጋረጃ እንዲሸፈን፣ ብየዳው ካበቃም በኋላ ለአንድ ሰዓት እሳት ጠባቂ ሰው እንዲቆም ይጠይቃል። የእርስዎ ፖሊሲ የሚጠይቀው ርቀትና ደቂቃ ከዚህ ሊያንስ ይችላል፤ የጠየቀውን አንብበው ለሠራተኞችዎ በአማርኛ ጽፈው ይስጡ።

አደጋው የሚደርስባቸው ቦታዎች ይታወቃሉ። ፍንጣሪው በወለል ስንጥቅ ገብቶ ከታች ያለ ጆንያ ወይም ፎም ላይ ያርፋል፤ ሠራተኛው ዕቃውን ሰብስቦ ከሄደ በኋላ ይጤሳል። ሁለተኛው፣ የብረት ምሰሶ ሲበየድ ሙቀቱ በብረቱ ተጉዞ ግድግዳው ማዶ ያለውን ኮምፔንሳቶ ወይም ቺፑድ ያነዳል፤ ስለዚህ ከመጀመራችሁ በፊት የግድግዳውን ሌላ ወገን ዞራችሁ እዩ። ሦስተኛው፣ የመሬት መቆንጠጫውን ከሥራው ርቆ ካለ የሕንፃ ብረት ላይ ማያያዝ ነው፤ የብየዳው ኤሌክትሪክ በላላ መጋጠሚያ ሲያልፍ ያልታሰበ ቦታ ላይ ይሞቃል። መቆንጠጫው ሁልጊዜ የሚበየደው ብረት ላይ፣ ለብየዳው ቅርብ ይሁን። ቢያንስ ስድስት ኪሎ የዱቄት እሳት ማጥፊያ በበያጁ አጠገብ እንጂ በመኪናው ውስጥ አይቀመጥ። ሥራው ከማለቁ በፊትና ካለቀ ከአንድ ሰዓት በኋላ ቦታውን በስልክ ፎቶ አንሡ፤ ሰዓቱ ፎቶው ላይ ይመዘገባል፤ ጥበቃው መደረጉን ለማስረዳት ከዚህ የቀለለ ማስረጃ የለም።

ጥያቄ፦ ሳይት ላይ ያሳደርናቸው ሁለት የብየዳ ማሽኖችና ሦስት ግራይንደሮች ተሰረቁ። የስርቆት መድን ነበረን፤ ኩባንያው አልከፍልም አለ። (ከአዲስ አበባ)

መልስ፦ ሁለት ምክንያት ሊኖረው ይችላል። የሰብሮ ስርቆት መድን የሚሠራው በተጻፈው አድራሻ ነው፤ ሳይት በተጻፈው ውስጥ የለም። ደግሞም የተሰበረ ቁልፍ፣ የተቆረጠ ቆርቆሮ፣ የተፈለቀቀ በር ምልክት ይፈልጋል። ክፍት ከተተወ ቦታ የተወሰደ፣ በራስ ሠራተኛ የተሰረቀ ወይም በቆጠራ ጊዜ የጎደለ ዕቃ አይካስም። ለተንቀሳቃሽ መሣሪያዎች የትም ይሁኑ የት የሚከተላቸው «የሁሉም አደጋ» ሽፋን አለ፤ እያንዳንዱ መሣሪያ በተከታታይ ቁጥሩ ይመዘገባል። የሠራተኛ ስርቆት የሚያሰጋችሁ ከሆነ የታማኝነት ዋስትና የሚባለውን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ከሁለት ዓመት በፊት የገጠምነው ተንሸራታች የግቢ በር ከሐዲዱ ወጥቶ ሰው ላይ ቢወድቅ ተጠያቂው ማን ነው? (ከአዳማ)

መልስ፦ በር ሠርቶ የሚሸጥ ሁሉ ሊጠይቀው የሚገባ ነው። የፍትሐ ብሔር ሕጉ አንቀጽ 2085 ዕቃ አምርቶ ለትርፍ ለሕዝብ የሚያቀርብ ሰው ዕቃው በተለመደው አኳኋን ሲሠራበት ለሚያደርሰው ጉዳት ኃላፊ ያደርገዋል። የሕዝብ ኃላፊነት መድን አብዛኛውን ጊዜ የሚያቆመው ሥራው ተጠናቆ ርክክብ ሲፈጸም ነው። ከዚያ በኋላ ያለውን የሚይዘው የምርት ኃላፊነት መድን ነው፤ ሁለቱን በአንድ ላይ መግዛት ይቻላል። ፖሊሲው የሚከፍለው ለተጎዳው ሰውና ንብረት ነው፤ በሩን መልሶ መሥራት የእናንተ ወጪ ነው። አደጋው በደረሰበት ጊዜ ይሁን ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ የነበረው ፖሊሲ የሚከፍለው፣ ይህን ሳትለዩ አትፈርሙ። ጥያቄው በቀረበበት ጊዜ የሚል ከሆነ አንድ ዓመት ሳታድሱ ብታልፉ የቀድሞ ሥራችሁ ሁሉ ሽፋን ያጣል።

ተንሸራታች በር የሚወድቀው በአብዛኛው ጫፉ ላይ ማቆሚያ ስላልተበየደለት ወይም ከላይ ያለው መሪ ሮለር በአንድ ብሎን ብቻ ስለተያዘ ነው። በሁለቱም ጫፍ ማቆሚያ በይዱ፤ ላይኛውን መሪ በሁለት ቦታ አስሩ፤ ሮለሮቹ ከተነቀሉም በሩ ወደ ጎን እንዳይጋደም የሚይዝ ተጨማሪ ቅንፍ አድርጉ። ርክክብ ሲደረግ ፎቶ አንሥታችሁ፣ ደንበኛው በዓመት አንድ ጊዜ እንዲያስፈትሽ የሚል ወረቀት ላይ አስፈርሙ።

ጥያቄ፦ የኦክስጅንና የአሴቲሊን ሲሊንደር፣ የቀለም ርጭትም እንዳለን በፎርሙ ላይ ብንጽፍ አረቦኑ ይጨምርብናል። «ብረታ ብረት ሥራ» ብለን ብንተወውስ? (ከደሴ)

መልስ፦ አትተዉት። ሆን ተብሎ የተደበቀ ወይም በሐሰት የተገለጸ ነገር ውሉን ዋጋ እንደሚያሳጣው የንግድ ሕጉ ይደነግጋል። እሳት ከተነሣ በኋላ ገማቹ መጀመሪያ የሚያየው የተቃጠሉ ሲሊንደሮችና የቀለም ቆርቆሮዎችን ነው፤ ከፎርሙ ጋር ያመሳክራቸዋል። በውሉ ዘመን መካከልም የርጭት ክፍል ብትጨምሩ፣ አጠገባችሁ የፎም መጋዘን ቢከፈት፣ ወይም ሌሊት መሥራት ብትጀምሩ ወዲያው በደብዳቤ አሳውቁና የደረሰበትን ማኅተም አስመቱ።

አረቦኑን በሕጋዊ መንገድ መቀነስ ይቻላል፤ የኩባንያው ኢንጂነር ለፍተሻ ሲመጣ የሚያየውን አዘጋጁ። የተቀመጡ የኦክስጅን ሲሊንደሮች ከአሴቲሊኑ ቢያንስ ስድስት ሜትር ይራቁ፤ ቦታ ከሌለ በመካከላቸው ቁመቱ ከአንድ ሜትር ተኩል የማያንስ የማይቃጠል ግድግዳ ይኑር። ሲሊንደሮቹ ቆመው በሰንሰለት ይታሰሩ፤ አሴቲሊን ተጋድሞ አይቀመጥም፣ ተጋድሞም አይሠራበትም። በቱቦው ላይ የነበልባል መመለሻ መከላከያ ይገጠም። ኦክስጅን መግቻ ላይ ዘይትና ግሪስ አይነካ። ቲነርና አንቲ ረስት በተለየ ክፍል ይቀመጡ፤ ወደ ሥራው ቦታ የሚመጣው የዕለቱ ብቻ ይሁን። እሳት ማጥፊያዎቹ የመጨረሻ ምርመራ ቀን የተጻፈበት ካርድ ይኑራቸው።

ጥያቄ፦ መብራት ሄዶ ሲመለስ የቶርኖው ሞተር ተቃጠለ። የእሳት መድን አለኝ፤ ይካሳል? (ከጎንደር)

መልስ፦ የሞተሩ መጠምጠሚያ በውስጡ ተቃጥሎ እሳት ወደ ሌላ ንብረት ካልተዛመተ አይካስም። በእሳት ፖሊሲ ውስጥ በኤሌክትሪክ መጨናነቅ ወይም ሾርት ጉዳቱ የጀመረበት መሣሪያ ራሱ ይቀነሳል፤ ከሱ ተነሥቶ የተዛመተው ይከፈላል። ሞተሩን የሚይዘው የማሽን ብልሽት መድን ነው። እሱንም ሲገዙ የኃይል መዋዠቅ በግልጽ እንዲጻፍ ይጠይቁ፤ አንዳንዱ ፖሊሲ የቮልቴጅ መከላከያ መገጠሙን እንደ ቅድመ ሁኔታ ያስቀምጣል። በእርጅና ያለቀ ተሸካሚ (ኩሽኔታ)፣ ቀበቶ፣ የመቁረጫ ቢላና ዲስክ በዚህም አይካሱም።

ጥያቄ፦ ብዙውን ብረት ያለ ደረሰኝ ነው የምንገዛው። ቃጠሎ ቢደርስ በምን እናስረዳለን? መጀመሪያስ ምን እናድርግ? (ከአዲስ አበባ፣ መርካቶ)

መልስ፦ ያለ ደረሰኝ የተገዛ ብረት መኖሩን ማስረዳት ቢቻል እንኳ ዋጋውን ማስረዳት ከባድ ነው፤ ካሳው ከሚያንስባቸው ምክንያቶች አንዱ ይህ ነው። ከዛሬ ጀምሮ በደረሰኝ ግዙ። እስካሁን ላለው ክምችት በየወሩ መጨረሻ ቆጠራ አድርጉ፤ ዓይነት፣ ውፍረት፣ ርዝመት፣ ብዛት ጻፉ፤ ሁለት ሰው ይፈርምበት፤ መደርደሪያውን በቪዲዮ ቅረጹ። የዚህን ቅጂ ከወርክሾፑ ውጭ አስቀምጡ ወይም በኢሜይል ለራሳችሁ ላኩ። በጥቅምት 2017 በሸማ ተራ እንደደረሰው ያለ ቃጠሎ ከሱቅ ሱቅ ሲዛመት ሒሳብ መዝገቡንም አብሮ ነው የሚበላው።

አደጋው ሲደርስ ሰውና እሳት ይቀድማሉ። ከዚያ በዚያው ቀን ለኩባንያው በስልክ፣ በማግሥቱ በጽሑፍ አሳውቁ። የንግድ ሕጉ አንቀጽ 670 መድን ገቢው አደጋውን ካወቀ በኋላ በአምስት ቀን ውስጥ እንዲያሳውቅ ያዛል። ለፖሊስ አመልክቱ፤ ከእሳትና አደጋ መሥሪያ ቤት የቃጠሎውን ሪፖርት ጠይቁ። ገማቹ ሳያይ ፍርስራሹን አትጥረጉ፤ የተቃጠለውን ማሽን ለቁርጥራጭ ነጋዴ አትሽጡ፤ ቅሪቱ ከካሳው የሚታሰብ ዋጋ አለው። ያልተቃጠለውን ግን ከዝናብና ከሌባ መጠበቅ የእናንተ ግዴታ ነው፤ ላስቲክ አልብሱ፣ ዘበኛ አቁሙ፣ ለዚህ ያወጣችሁትን ደረሰኝ ያዙ። የጥገናና የመተኪያ ፕሮፎርማ አሰባስባችሁ ከዝርዝሩ ጋር አቅርቡ። ለደንበኛ ወይም ለጎረቤት «እኛ እንከፍላለን» ብላችሁ ቃል አትስጡ፤ የኃላፊነት መድን ፖሊሲዎች ኩባንያው ሳይፈቅድ የተገባን ቃል አይቀበሉም።

ጥያቄ፦ ካሳው አነሰብኝ። የመጨረሻ ክፍያ መቀበያ ላይ ፈርሜ ብቀበል በኋላ መክሰስ እችላለሁ? (ከሐዋሳ)

መልስ፦ ወረቀቱ «ሙሉ ካሳዬን ተቀብያለሁ፣ ሌላ ጥያቄ የለኝም» የሚል ከሆነ ከፈረሙ በኋላ መንገዱ ይጠብብዎታል። ከመፈረምዎ በፊት የስሌቱን ዝርዝር በጽሑፍ ይጠይቁ፤ አቨሬጅ ስንት ተነሣ፣ እርጅና ስንት፣ ኤክሰስ ስንት፣ የቅሪት ዋጋ ስንት። በየትኛው እንደማይስማሙ ለይተው ለኩባንያው ዋና መሥሪያ ቤት ይጻፉ፤ የራስዎን ገለልተኛ ገማች ግምትም ማያያዝ ይችላሉ። ካልተግባባችሁ መድን ሰጪዎችን ለሚቆጣጠረው የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ አቤት ማለት ይቻላል። በፖሊሲው ውስጥ የግልግል አንቀጽ ካለ ፍርድ ቤት ከመሄድ በፊት እሱን ማለፍ ሊጠበቅብዎ ይችላል። ይህ ሁሉ ደብዳቤ ሲመላለስ ጊዜው እንዳያልፍብዎ ይጠንቀቁ፤ ከመድን ውል የሚነሣ ክስ በሁለት ዓመት ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ ይታገዳል።